ባዶው አፎት

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ የነበረው አባቴ በሞተ በዓመቱ ታላቅ ወንድሙ ሊጠይቀን መጣ። ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የአያቴ ሽጉጥ የቆዳ አፎት ላይ አረፈ። ቢዳስሰው ውስጡ ጨርቅ ብቻ ነው።

«ሽጉጡስ? ሸጥሽው አይደል?» አላት እናቴን።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ነካዎት! ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱን ያዝገዋል። ለያይተሽ አስቀምጪ ያለኝ ወንድምዎ ነው። ጨርቁም አፎቱ እንዳይጨማደድ ነው።»

«ይሄን ተረት ለልጅሽ ንገሪ!»

እናቴ ሳጥኗን ከፍታ፣ የባቡር ዘይት በጠጣ አቡጀዲ የተጠቀለለውን ሽጉጥ አወጣች። እንደ መስተዋት ያበራል። አጎቴን ግን ይኸው ማብራቱ አላስተኛውም።

«የአባቴ ሽጉጥ እንዲህ አዲስ ነበር? ለውጠሽው ይሆናላ!»

እያገላበጠ ሲፈትሽ እጀታው ላይ አያቴ የቀረጹትን መስቀል አገኘ። ያም ሆኖ አላመናትም። «እኔ ዘንድ ይቀመጥ» ብሎ ጨርቁን ጎትቶ ጣለና ሽጉጡን አፎቱ ውስጥ ሻጥ አድርጎ ወሰደው። እናቴ እስከ በር ተከትላ፣ «ጋሼ፣ ክረምቱ ሳይገባ ያውጡት» ብትለው ዞርም አላለ።

ለመስቀል መጣ። የዛገውን ሽጉጥና የሻገተውን አፎት ለየብቻ እናቴ ጭን ላይ አስቀመጠላት። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ሳጥኑን ክፈቺ ብሎ አልጠየቃትም።