የኮኮናቱ ዋንጫ ጠርዝ

ብር ሥራ በገባሁበት ቀን ሞረድ አልያዝኩም። አሠሪዬ ጋሽ ሰይድ መገናኛ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው መጥረጊያ ሰጡኝና ከጠረጴዛው ሥር የወደቀውን የብር ብናኝ በቆርቆሮ እንዳጠራቅም አዘዙኝ። ብናኝ ሲበዛ ይቀልጥና መልሶ ብር ይሆናል። ሁለተኛው ትእዛዛቸው ጠቁሮና ተጭሮ የመጣ ብር እንደመጣ አይወጣም የሚል ነበር።

ሠላሳ ዓመት በዚህ ትእዛዝ ኖርኩ። ጋሽ ሰይድ ሲያርፉ ሱቋ ለእኔ ቀረች። ሰንሰለት ሊያስበይድ የመጣ ሁሉ፣ ሳይጠይቀኝ፣ የሚያብረቀርቅ ሰንሰለት ይዞ ይሄድ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር።

ባለፈው ዓመት ወይዘሮ አልማዝ የተባሉ ሴት ከአያት ሰፈር አንድ ዋንጫ በነጠላ ጠቅልለው አመጡ። ሆዱ የኮኮናት ቅርፊት ነው፤ በአንድ ጎኑ ሸራዋን የዘረጋች መርከብ፣ በሌላው በፈረስ የሚሽቀዳደሙ ጋላቢዎች ተቀርጸውበታል። አፉና እግሩ ብር ነው። አባታቸው መርከበኛ ሳሉ ከአንድ ወደብ የገዙት ነው። እግሩ ላልቷልና እሱን ብቻ እንዳጠብቅ ነገሩኝ። "እሱን ብቻ" ማለታቸውን ሰምቻለሁ።

እግሩን ነቅዬ በየድኩ፤ ቅርፊቱን እሳት ሳላስነካ መልሼ ገጠምኩ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። የአፉ ጠርዝ ግን ጠቁሯል፤ በውስጥ በኩል ቀጫጭን ጭረት ሞልቶታል። መነጽሬን ሳላደርግ ወደ ማወልወያው ሞተር ወሰድኩት። በሩብ ሰዓት መስታወት አስመሰልኩት።

ወይዘሮ አልማዝ ሲመጡ እግሩን አላዩም። አውራ ጣታቸውን በጠርዙ ውስጥ አዞሩ፤ ደግመው አዞሩ። ከዚያ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እንደነገሩኝ፣ አባታቸው ልጅ በተወለደላቸው ቁጥር ስሙን በመርፌ ጫፍ እዚያ ይጽፉ ነበር። አምስት ልጆች ናቸው። አባትየው በእጃቸው የጻፉት ሌላ ነገር ቤት ውስጥ የለም።

ስሞቹን ይንገሩኝና መልሼ ልጻፋቸው ብዬ ለመንኳቸው።

"ይጽፏቸዋል" አሉኝ፤ "ግን የእርስዎ እጅ ነው።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ዋንጫውን ጠቅልለው ወደ አያት ታክሲ ሰልፍ ሄዱ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። የእኔስ ታፍሷል፤ የዚያን ቀን ብናኝ ጠርጌ በቆርቆሮው ከትቼዋለሁ። የአምስት ልጆች ስም ከሰው ሁሉ ቀለበት ብናኝ ጋር ተደባልቆ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ላቀልጠው አልችልም፤ ልጥለውም አልቻልኩም። ሥራውም አስጠልቶኛል።

ለሙያው አዲስ የሆናችሁ፣ ጭረት ከማጥፋታችሁ በፊት መነጽር አድርጉ፤ ባለቤቱንም ጠይቁ። እግር አጥብቅ ከተባላችሁ እግር አጥብቁ።