አርባ ኩባያ ዱቄት

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ኩባያ» ይላታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ! ኬክ ስትጋግር ዱቄቱንም ስኳሩንም የምትለካው ጆሮው በተሰበረ፣ ጠርዙ በተላላጠ በአንድ የቆርቆሮ ኩባያ ነው፤ ሚዛን የሚባል ነገር ቤቷ ገብቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ዳቦ ቤት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ያለ ሚዛን ዱቄት ነክቼ አላውቅም። በተገናኘን ቁጥር እንጨቃጨቃለን። በጣም ስለምወዳት ነው መሰለኝ የምታበግነኝ።

ልጇ ልታገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት አክስቴ እርጥብ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ወደቀችና ቀኝ እጇ ተሰበረ። እጇ በጄሶ ታስሮ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት፤ ያስለቀሳት ግን ስብራቱ አልነበረም።

«ልጄ በሠርጓ ቀን የሰው ኬክ ልትቆርስ ነው» አለች። ሙሽራዋ ደግሞ ከሠርጉ በኋላ ከባሏ ጋር ሩቅ ከተማ ልትኖር ነው።

«እኔ የት ሄጄ ነው? እጋግረዋለሁ!» አልኳት።

«በምን ልክ?»

«በኩባያሽ ነዋ! ወደ ግራም እቀይረዋለሁ።»

ለአንድ ኬክ አራት ኩባያ ዱቄትና ሁለት ኩባያ ስኳር ነው የምታስገባው። ለሠርጉ አሥር እጥፍ ያስፈልጋል፤ ዳቦ ቤት ውስጥ በዚያ ሁሉ ጫጫታ አርባ ኩባያ ማን ቆጥሮ ይዘልቃል? ኩባያዋን ወሰድኩ፣ ከጆንያው ዱቄት ዛቅኩ፣ አናቱን በእጄ ጠርጌ መዘንኩ። የኩባያው ክብደት ሲቀነስ መቶ ስድሳ ግራም፤ በአራት ሲባዛ ስድስት መቶ አርባ። ለሙከራ አንዱን ጋገርኩና ኩራት ኩራት እያለኝ ይዤላት ሄድኩ።

ገመጠች። አላመጠች። ውሃ ጠየቀች።

«ይሄ ለሠርግ ነው ወይስ ለቤት መሠረት?»

ደሜ ፈላ። «ያንቺው ኩባያ ነው! ያንቺው አራት ኩባያ! ሚዛን አይዋሽም!»

«እስቲ እንዴት እንደለካሽ አሳዪኝ።»

ኩባያውን ዱቄቷ ውስጥ ስከተው ጮኸች። «ውይ በሞትኩት! ኩባያዬን አካፋ አደረግሽው? ዱቄቱን እኮ ጠቀጠቅሽው!»

ዱቄቱን በወንፊት እኔን አስነፋችኝ፤ ማንኪያውን ራሷ በግራ እጇ ያዘች። የተነፋውን ዱቄት ቀስ እያለች ኩባያው ውስጥ ጨመረች፤ አልነቀነቀችውም፣ አልተጫነችውም፤ አናቱን በቢላ ጀርባ ጠረገችው። ሚዛኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ መቶ ሃያ አምስት። «ድገሚው» አልኳት። መቶ ሃያ አራት። ሦስተኛውም መቶ ሃያ አምስት። ያውም በግራ እጇ!  ለካ አንዷ ኬክ ውስጥ መቶ አርባ ግራም ትርፍ ዱቄት ሰግስጌያለሁ። ስኳሩ ግን ብዙም አይጠቀጠቅምና በእኔም በእሷም አለካክ አንዱ ኩባያ ያው ሁለት መቶ ግራም መጣ።

«ይቅርታ አክስቴ» አልኩ። ከእኔ አፍ ይቅርታ ሰምታ ስለማታውቅ እንድደግምላት አስገደደችኝ።

የሠርጉ ኬክ ልክ በእሷ እጅ የተጋገረ ይመስል ነበር። ሙሽራዋ ቆርሳ መጀመሪያ እናቷን አጎረሰቻት። አክስቴ አላመጠችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ያለ እኔም ይሆናል ለካ» አለችኝ። ሳቅ እያለች ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ። 

ልጅቷ ይዛው እንድትሄድ አሠራሩን ንጹሕ ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። ዱቄት አምስት መቶ ግራም። ስኳር አራት መቶ። ቅቤውም፣ ሌላውም፣ ሁሉም ተመዝኖ ሰፈረ። ጨው ላይ ስደርስ ብዕሬን ያዝ አደረግኩ። እሱን አልመዘንኩትም። «ጨው፦ ለእናትሽ ደውለሽ ጠይቂ» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን አጥፌ ሰጠኋት።

ይኸው በጋገረች ቁጥር ትደውላለች። አክስቴም «ውይ ይቺ ልጅ፣ አሁንም ጠፋት!» እያለች ስልኩን ታነሳለች፤ «ሁለት ቁንጥር ነው፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣትሽ» ብላ ታስረዳለች፤ ከዚያ ወሬያቸው አንድ ሰዓት ይፈጃል። ልጅቷ ግን እናቷ ቤት ሳለች፣ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ጨዉን ቆንጥራ የምትጨምረው እሷ ነበረች።