ለወፍ የተሠራ ሌንስ

ካሜራ ከመግዛቴ በፊት በግጥሞቼ ውስጥ የሚበሩት ሁሉ «ወፍ» ነበሩ፤ የሚያርፉበትም «ዛፍ» ነበር። ግጥም ያስተማረኝ ሰው ስለሌለ ያረመኝም አልነበረም። ካሜራው ግን አረመኝ። «ወፍ» የሚባል ነገር ፎቶ አይነሳም። የሚነሳው ያኛው አባ ኮዳ ነው፤ ቆሻሻ ገንዳው ጫፍ ላይ አንድ እግሩን አጥፎ የቆመው፣ አንገቱ ሥር የተንጠለጠለው ከረጢት በጠዋት ፀሐይ ሮዝ የሆነው።

ካሜራውን የገዛሁት በኮሮናው ዓመት ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ ጎረቤት ነው። ሌንሱ አንድ ብቻ ነበር፤ ክንድ የሚያህል፣ ሩቅ ላለ ነገር የተሠራ። «ለወፍ ነው» አለኝ ሰውየው፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሆኖ። እኔ ደስ አለኝ። ቦዳ የሚባሉት የሞተር ታክሲዎች ሰው እንዳይጭኑ ተከልክለው ስለነበር ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ወዳለው መጋዘን፣ ወደ ሥራዬ፣ በእግሬ ነበር የምሄደው። የሞተሩ ጩኸት ሲቆም ከተማዋ ምን ያህል ወፍ እንደያዘች ተሰማ።

ከፋብሪካዎቹ ጀርባ በሚያልፈው ቦይ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተዘርግቷል። እሱ ላይ ነጭና ጥቁር የሆነ ዓሣ አዳኝ ወፍ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሰሞን እየሮጥኩ እሄድበት ስለነበር የሚተርፈኝ የባዶ ሽቦ ፎቶ ነበር። በኋላ ገባኝ። ቀጥ ብለህ አትሄድበትም፤ ዓይን ዓይኑን አታየውም፤ ሌላ ጉዳይ እንዳለው ሰው ትሆናለህ። ተነሥቶ የሚመለስበትን ቦታ ታውቅና ሌንስህን እዚያ ላይ አነጣጥረህ ትጠብቃለህ። አንድ ወንበር ላይ ረግቼ ምሳ መብላት የማልችለው ሰው፣ ያን ወፍ ስጠብቅ ትንኝ እግሬን ሲበላው አይታወቀኝም ነበር። ውሃው ውስጥ ጥልቅ ብሎ ሲወጣ፣ ከላባው የሚረጨው ጠብታ አየር ላይ እንደቆመ ያነሳሁት ቀን ብቻዬን ጮህኩ። የፋብሪካው ዘበኛ በሩን ከፍቶ አየኝና መልሶ ዘጋው።

በዚህ በሰው አገር የምኖረው ከአክስቴ ልጅ ጋር ነው። ባሏ የአየር መንገድ ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ከግቢያቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል ለእኔ ሰጥተውኛል። ፎቶዎቼን ባሳየኋት ቁጥር መልሷ አንድ ነው።

«ሰው የሚባል የለበትም?»

«አባ ኮዳው አለ።»

«እንግዲያው አግባው!»

በዚያው ዓመት ሴት ልጅ ወለደች። እናቷ፣ ማለትም አክስቴ፣ አዲስ አበባ ናቸው። ሐኪማቸው ከቤት እንዳይወጡ አስጠንቅቋቸው ስለነበር ለአራስ ጥየቃም ለክርስትናም መምጣት አልቻሉም። በስልክ የሚላክላቸው ፎቶ ሁሉ ወይ ሕፃኗ የተኛችበት ወይ ፊቷ የተድበሰበሰበት ነው። አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፦ የክርስትናዋ ቀን አባትና እናቷ መሐል ሆና፣ ዓይኗ ተከፍቶ፣ አሳትመው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ጥሩ ፎቶ።

በክርስትናው ጠዋት የተቀጠረው ፎቶ አንሺ ደወለ። እያሳለ ነበር። ያኔ በስልክም ቢሆን የሚያስልን ሰው ማን ይጠራል? «ይቅር፣ አትምጣ» አልነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የአክስቴ ልጅ ክፍሌ በር ላይ ቆመች።

«ካሜራህን አምጣ።»

«ይሄ ሌንስ እኮ ለሩቅ ነው። ከዚህ ሆኜ የሚታየኝ አፍንጫሽ ብቻ ነው።»

«ለአሞራ የበቃ ለእኔ ልጅ ሊያንስ ነው?» አለች፤ ከዚያ ድምፅዋ ለሰለሰ። «እማዬ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም እኮ።»

ሳቄን ዋጥኩና ወጣሁ። ሰዎቹን ግቢው ውስጥ ካለው ትልቅ የሾላ ዛፍ ሥር ደረደርናቸው። እኔ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ አልኩ። ጀርባዬ አጥሩን ሲነካ ሌንሱ ውስጥ የገባልኝ የባልየው ግማሽ ፊት ነበር። በሩን አስከፍቼ ወጣሁ። መንገዱን ተሻገርኩ። ሁሉም የሚታዩኝ እንቁላል በቂጣ ጠቅልሎ ከሚሸጠው ከሮሌክስ ጋጋሪው ምጣድ አጠገብ ስደርስ ሆነ፤ ጠረኑ ራሱ ቁርስ አለመብላቴን አስታወሰኝ።

«ሴቦ፣ ጌታው፣ ማንን ነው የምትሰልለው?» አለኝ ጋጋሪው እንቁላሉን እየመታ።

«ዘመዶቼን ነው።»

«ተጣላችሁ?»

ከዚያ ሆኜ ለባልየው ደወልኩለት፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ትእዛዜን ያስተላልፋል። «አባ፣ ወደ ግራ ጠጋ ይበሉልኝ!» ስል ራሱ ይጠጋል። «አንተ ሳትሆን ቄሱ!» ሁሉም እንደ ፓስፖርት ፎቶ ደርቀው ቆሙ። ላነሳ ስል ዕቃ የጫነ ቦዳ መሐላችን ያልፋል። ቦዳው ሲያልፍ ሕፃኗ ታለቅሳለች። ልቅሶዋ ሲበርድ ትተኛለች። የአክስቴ ልጅ በሀበሻ ቀሚሷ መንገዱን ተሻግራ መጥታ ያነሳሁትን በካሜራው መስኮት አየች።

«የታሰርን ነው የምንመስለው» አለች። እንባ ሊመጣት ነበር። «ይሄን ነው እማዬ የምትሰቅለው?»

«ሂዱ ምሳችሁን ብሉ፤ እኔን እርሱኝ» አልኳት።

«አንተስ?»

«እኔ እዚሁ ነኝ።»

ጋጋሪው የሶዳ ሳጥን ገልብጦ ሰጠኝ። ሾላው ሥር የአክስቴ ልጅ ሕፃኗን የምታጠባበት ወንበር ነበር፤ ዞሮ ዞሮ እዚያ እንደምትመለስ አውቃለሁ። ሌንሴን እዚያ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እውነትም ተመለሰች። ባሏ ሳህን ይዞ መጣና አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ያጎርሳት ጀመር። ሕፃኗ ነቅታለች፣ ግን ፊቷ ወደ እናቷ ደረት ዞሯል።

በዚህ መሐል ቅጠሉ ተንቀሳቀሰ። ሌንሴን ትንሽ ቀና ሳደርግ ቱራኮ የሚሉት ወፍ ነው። ይህን ወፍ ከጅራቱ በቀር አይቼው አላውቅም። ሲቀመጥ ከሩቅ ጥቁር የሚመስል ሰማያዊ ነው፤ ምንቃሩ ቢጫ፣ አናቱ ላይ ቀይ ጉትያ። ሲበር ግን ክንፉ ውስጥ ያጠፈው ደማቅ ቀይ ይዘረጋል ይላሉ፤ እኔም ያንን ነበር ስመኝ የከረምኩት። ቅርንጫፉ ላይ እንደ ዶሮ ሮጠና ጫፉ ላይ ቆመ፤ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ሊነሣ ነው። ጣቴ ዝግጁ ነበር።

የቅጠሉ ኮሽታ ስቦት ሳይሆን አይቀርም፣ ከታች ባልየው ቀና ሲል በሌንሱ ጠርዝ አየሁት። እጄ ከእኔ ሳይማከር ሌንሱን ወደ ታች መለሰው። ወፉ ከራሳቸው በላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ቀይዋን አላየኋትም፤ እነሱ ሲያዩአት ግን አየሁ። ጣቴ የካሜራውን ቁልፍ እንደተጫነ ቀረ።

ማታ ሥዕሉን ስንከፍተው የአክስቴ ልጅ ፊቷን ሸፈነች። «አፌን ከፍቼ! ጉርሻው ሳይቀር ይታያል!» የባሏ እጅ ሌላ ጉርሻ ይዞ አየር ላይ ቆሟል። ማንም ወደ ካሜራው አያይም። መሐላቸው ሕፃኗ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዓይኖቿን ፍጥጥ አድርጋ ሰማዩን ታያለች። የአክስቴ ልጅ ጣቶቿን ቀስ እያለች ከፊቷ ላይ አነሣች።

«ስትደነግጥ እማዬን ቁርጥ» አለች። ቀጥላም «ላከው» አለችኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አክስቴ ደወሉ። ፎቶው ታትሞ ተሰቅሏል፤ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «ምን እያዩ ነው?» ይላል አሉ። ሁላችንም ባንድ አፍ ልናስረዳ ስንል ዝም አሰኙንና እኔን አስጠሩ።

«አንተ ልጅ፣ ቀይ ክንፍ ያለው ወፍ ነው ይሉኛል። የታለ?»

«አላነሳሁትም፣ እትዬ።»

«ካሜራ ይዘህ?»

«እነሱን እያነሳሁ ነበራ።»

«እነሱንማ አውቃቸዋለሁ!» አሉ። ከጀርባቸው ግድግዳ የሚመታ የመዶሻ ድምፅ ይሰማኛል። «ከፎቶው ጎን ሌላ ሚስማር እያስመታሁ ነው። ቶሎ በል።»