የእበት ጋዝና የሁዳዴ በሶ

የምሳፈርበት አውቶቡስ ጎን ላይ ትልቅ የሙዝ ልጣጭ ተስሏል። ስዊድን በመጣሁ ሰሞን የፍራፍሬ ማስታወቂያ መስሎኝ ነበር። ኋላ ቋንቋው ሲገባኝ አነበብኩት። ይህ መኪና የሚሄደው ከየቤታችሁ በተሰበሰበ የምግብ ትርፍራፊ ጋዝ ነው ይላል። ያን ጠዋት የድንች ልጣጬን በወረቀት ከረጢት አድርጌ ከደጅ አስቀምጬ ነበርና፣ ከወንበሬ ላይ ሆኜ አማተብኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ያመመኝ መስሏቸው ውኃ አቀበሉኝ።

ሞተሩ ሲነሳ ሽታ የለውም። አፍንጫዬ ግን እስከ ዛሬ ይፈልገዋል፤ እርጥብ እበት፣ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ነገር፣ ከሥሩም ትኩስ የገብስ ዱቄት። የአባቴ ወፍጮ ቤት እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ቤታችን ኮሶዬ ነበር፤ ወደ ደባርቅ ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ብርድ አገር ነው። ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ደጃችን ድረስ ይመጣና ከብቶቹን ይውጣቸዋል፤ ድምፃቸውን ብቻ ትሰማላችሁ። አባቴ በጉርምስናው ጎንደር ከተማ ጋራዥ ሠርቷል። ሲመለስ አንድ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ይዞ መጣና ወፍጮ ተከለ። ሞተሩ ደህና ነበር፤ የሚቸግረው ናፍጣው ነው። ጠፋ ካለ ለሳምንታት ይጠፋል። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሴቶች ወደ እጅ ወፍጯቸው ይመለሳሉ፤ እናቴም እንደነሱ። ቀኝ ትከሻዋ አንዴ ወልቆ በደንብ ስላልዳነ የወፍጮውን መጅ የምትገፋው ከንፈሯን ነክሳ ነበር። አባቴ ያንን እያየ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይሆንለትም። ወጥቶ ዝም ያለውን ሞተር ይወለውላል።

በኋላ ግቢያችን ውስጥ ከእበት ጋዝ የሚያወጣ የባዮጋዝ ጉድጓድ ተሠራ። ያሠራን ባለሙያ ለመብራትና ለምድጃ ነው ብሎን ነበር። እበቱ በውኃ ተበጥብጦ ገባ፣ ሰነበተና ወጥ ቤታችን ሰማያዊ እሳት አየ። አባቴ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ እሳቱን ብዙ ካየ በኋላ፣ "ይኼ ድስት ካፈላ ሞተርስ ምን ያቅተዋል?" አለ።

"ድስቱን ብቻ ተውልኝ" አለችው እናቴ።

ጋዙን በጎማ ቱቦ ወደ ወፍጮ ቤት ሳበው። መጀመሪያ ከብየዳ ቤት የለቀመውን የዛገ የብረት ፍቅፋቂ በሞላ በርሜል ያሳልፈዋል፤ ሞተር የሚበላውን ክፉ ነገር ዝገቱ ያስቀርለታል። ከዚያ እንደ ጠገበች ላም ሆድ የሚነፋ ትልቅ ላስቲክ ውስጥ ያጠራቅመዋል። ላስቲኩ ላይ ሳንቃና ድንጋይ ይጭንበታል፤ ጋዙ ተገፍቶ ሞተሩ አየር ወደሚስብበት አፍ ይገባል። ናፍጣ ጨርሶ አልቀረም፣ ለመለኮሻ ያህል ትንጠባጠባለች፤ ጉልበቱ ግን የእበቱ ነው። ብርድ ሲጸና ጋዙ ስለሚያንስ እናቴ ጉድጓዱን በገለባና በአሮጌ ደበሎ እንደ አራስ ትሸፍነው ነበር። ሞተሩ በጋዝ የተነሳ ዕለት ድምፁ ከበፊቱ ለስለስ ያለ ነበር። አባቴ የመጀመሪያውን ዱቄት በመዳፉ ተቀብሎ ሳቀ። ጥርሱን ሁሉ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ግን ጊዜው የሁዳዴ መግቢያ ነበር።

"አያ፣" አለችው ጎረቤታችን፣ እህሏን ከአህያዋ ሳታወርድ፣ "ይኼ ሞተር የሚጠጣው ከላም የወጣ ነው አሉ?"

"ከእበቷ ነው።"

"እበትስ ከማን ወጣ? ወተትም ከላም፣ ቅቤም ከላም። ጾም ነውኮ!"

"ምነው፣ ሽሮሽ የሚበስለው በኩበት አይደል?"

"ኩበትማ ፀሐይ አይቶ የደረቀ ነው። ማሰሮዬም ክዳን አለው። ያንተ ግን ትንፋሹ ከዱቄቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። አሽትተው እስቲ!"

ከኋላ ያለችው ደግሞ፣ "ግድ የለም አያ፣ ለፋሲካ እናመጣልሃለን። ያኔ ከነቅቤው ትፈጭልናለህ!" አለች። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ አህዮቹም ዞሩ።

በማግስቱ ማንም አልመጣም። ከዚያም ወዲያ አልመጣም። አንድ የሳንጃ ነጋዴ ሞተሩን ልግዛህ እያለ ይልክበት ነበር። ሁዳዴን ሙሉ ሥራ ከፈታ መሸጡ እንደማይቀር ሁላችንም እናውቃለን። ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነው። እናቴም ተጠራጥራ ነበር። ጾም የምታከብር ሴት ናትና የሁዳዴ እህላችንን በእጇ ትፈጭ ጀመር። አባቴ የመጁን ድምፅ ሰምቶ በሩ ላይ ቆመ።

"አንች ደግሞ?" ብሎ ጀመረና ተወው።

የነፍስ አባታችንን ሄዳ ጠየቀቻቸው። ጢማቸውን እያሻሹ፣ "ልጄ፣ እኔ የማውቀው ሥጋና ወተት ነው፤ ስለ ሞተር የተጻፈ አላየሁም። ጎንደር ስወርድ ሊቃውንቱን እጠይቅልሻለሁ" አሏት። በሁዳዴ ደግሞ ቅዳሴውን ትተው የትም አይወርዱም።

አንድ ረቡዕ እናቴ ማልዳ ገብስ ቆላች። ተሸክማ ወፍጮ ቤት ገባችና አባቴ ፊት አስቀመጠችው።

"ፍጭልኝ።"

"ለምንሽ?"

"ለበሶ።"

አባቴ ቀና ብሎ አያት። በሶ ከተፈጨ ወዲያ እሳት አያይም፤ ከድንጋዩ በቀጥታ ወደ አፍ ነው። አባቴ ሞተሩን አስነሳ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ፣ ጥዱ ሥር አረፍ ይላሉ። እናቴ መካከላቸው ተቀምጣ አገልግሏን ከፈተች፤ ከቅሉ ውኃ ጠብ አደረገች፣ ጨው ነሰነሰች፣ በሶውን ጨበጠች። እኔ ጎኗ ነበርኩ።

"ከየትኛው ወፍጮ ነው?" አለች ጎረቤታችን።

"ከባሌ ወፍጮ።"

እናቴ አማተበች፤ ቆርሳ ጎረሰች፤ ቀስ ብላ አላመጠች። ሁሉም አፍ አፏን ያያሉ።

"እህ? ምን ምን ይላል?"

"ገብስ ገብስ ነዋ!"

ሳቁ። ጎረቤታችን መዳፏን ዘረጋች። አሸተተችው፣ ገልብጣ አየችው፣ ከዚያ ጎረሰችው። "ሸጋ ነው" አለች፣ የተሸነፈ ሰው ድምፅ ይዛ። ሌሎቹም እጃቸውን ዘረጉ። አባቴ ተከትሎን መጥቶ ከግንቡ ሥር ቆሞ ኖሯል። እናቴ አየችው።

"ምን ቆመሃል እንደ እንግዳ? ና፣ ጭብጦህን ውሰድ!"

ዱቄት በነካው ሁለት እጁ ተቀበላት። ዛሬ ሁለቱም ከዚያው ቅጽር ውስጥ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልኝ።

ወደ ቤት ስንወርድ፣ "እማ፣ ጥሉላት ቢሆንስ?" አልኳት። አባቴ ራቅ ማለቱን ዞር ብላ አየች።

"ቢሆን ዕዳው የኔ ነው፤ እሰግድበታለሁ። አንች ግን አባትሽ ጆሮ እንዳይደርስ።"

ከማግስቱ ጀምሮ አህዮቹ ተመለሱ፤ ሞተሩም ሳይሸጥ ቀረ። እናቴ በየምሽቱ ጓዳ ገብታ ከወትሮዋ ስግደት ላይ ጨምራ ትሰግድ ጀመር። ሞተሩ ከመጁ ያዳነላትን ትከሻ መሬት ላይ ትጥለዋለች። በግድግዳው በኩል የጉልበቷ ድምፅ ይሰማ ነበር። አባቴ አልጠየቃትም። አንድ ቀን ግን ገና ሳይመሽ ጋቢውን አጥፎ፣ እሷ ከምትሰግድበት ቦታ ላይ አነጠፈላት። ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ እንዲያ ሆነ፤ እሱ ያነጥፋል፣ እሷ ትሰግዳለች፣ ሁለቱም ስለዚህ አያወሩም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የነፍስ አባታችን ከጎንደር እየሳቁ መጡ። "ሊቃውንቱ አላገጡብኝ! ጭስ ጾም ይሽራል ወይ አሉኝ" አሉን። እናቴ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብቻ አለች።

ያን ዕለት ማምሻውን አባቴ እንደለመደው ጋቢውን አነጠፈ።

"አንተ፣ በዓለ ሃምሳ ነው። ስግደት የለም" አለችው።

"አውቃለሁ" አለ፤ ጋቢውን ግን አላነሳውም።

እናቴ ሄዳ ጋቢው ላይ ተቀመጠች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና አየኋቸው፤ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ያሻታል።

"አመመሽ?"

"ተወኝ፣ አሁን ደህና ነኝ" አለች፤ ግን እጁን አላስነሳችውም።