«ምንም አልቀየርኩም» ያለችው ሴትዮ

«ለማን ነው የምትሰራው ግን?»

ሀጂ ከድር ከኋላዬ መቆማቸውን ያወቅኩት ይሄን ሲሉ ነው። ቡታጅራ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤታቸው ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብያለሁ። የገበያ ቀን ስለሆነ ውጭው በባጃጅ ጡሩምባ ይናወጣል። ዘመኑ ደግሞ የአንድ ለአምስት ነው... ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያይበት።

«ለማንም ሀጂ። በነጻ ነው።»

«በነጻ...» አሉ፣ ቃሉን ገና ዛሬ የሰሙት ይመስል። «አራት ዓመት ሙሉ እዚህ እየተመላለስክ፣ ዓይንህ እስኪፈስ እያነበብክ... በነጻ።»

የቡታጅራ ነጋዴ ፊት «በነጻ ነው» ማለት በራስ ላይ መመስከር ነው። ቢሆንም ጥያቄያቸው ከፋኝ። ሰው እንዴት እንዲህ ይጠረጠራል?

እውነቱ ይሄ ነው። ኮምፒውተር ሲበራ ሌላውን ሁሉ የሚያዘው ከርነል የሚባል ፕሮግራም አለ። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በፈቃዳቸው ተባብረው የሚጽፉት አንድ ከርነል አለ፤ የኔ ድርሻ እዚያ ውስጥ አንድ አሮጌ የኔትወርክ ካርድ፣ ኮምፒውተሩን በገመድ ከሌላው የሚያገናኘው ዕቃ፣ የሚታዘዝበትን ክፍል መጠበቅ ነው። ካርዱ ያለው ሀጂ ቤት ስለሆነ ከማስተምርበት ኮሌጅ ስወጣ ወደዚያ ነው የምሄደው። ማንም ማሻሻያ መላክ ይችላል። እኔ አንብቤ «ይሁን» ካልኩ ይገባል፣ ስሜም ከስሩ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ሳላነብ «ይሁን» ብዬ የስንቱ ማሽን አልነሳ ብሎ ተዋርጃለሁ። ከዚያ ወዲህ እንኳን የሰው የራሴንም አላምንም ነበር።

የዚያን ቀን ኢሬና የምትባል፣ አይቻትም ሰምቻትም የማላውቃት ሴት አስራ አንድ ማሻሻያ ልካለች። ሁሉም ላይ ያው ነው የጻፈችው... «ለንባብ እንዲመች ነው። አሰራሩ ላይ ምንም አልቀየርኩም።»

ምንም አልቀየርኩም ብሎ የሚጀምር ሰው ያስፈራኛል። ካልቀየርሽ ምን ልትሰሪ መጣሽ?

ስምንቱን አንድ በአንድ አየሁ። ስም ማስተካከል፣ ክፍተት ማስተካከል፣ ያረጀ ማስታወሻ ማንሳት... ንጹህ ናቸው። ይሄ ራሱ ጥርጣሬዬን ጨመረው። ተንኮል ቢኖረኝ እኔም ስምንቱን ንጹህ አድርጌ ነበር ዘጠነኛው ላይ የምቀብረው።

ዘጠነኛው ላይ ተንኮሏን አገኘሁት። ኮዱ ካርዱን «ገመድህ ተሰክቷል?» ብሎ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን መልስ ይጥለውና ሁለተኛውን ይይዛል። ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ጥያቄ «ትርፍ ነው» ብላ አውጥታዋለች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ እዚያው ጻፍኩላት። ደብዳቤያችንን ሁሉም አባል ነው የሚያየው። «ይቺን መስመር ማን አስወጪ አለሽ? ለማን ነው የምትሰሪው?»

ላክሁት። ደስም አለኝ።

መልሷ ለመምጣት ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። «ለማንም። መስመሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ንገረኝና እመልሰዋለሁ።»

ልነግራት ስል... አላውቅም። መኖር እንዳለበት ሆዴ ያውቃል፣ ለምን እንደሆነ ግን ጠፋኝ። ማን እንደጻፈው መዝገቡን ባየው የኔ ስም ቁጭ ብሏል። ከአራት ዓመት በፊት፣ አንዲት ቃል ማብራሪያ ሳልጽፍበት ያስገባሁት እኔው ነኝ። ዓለም እያየ የሰው ስም አጥፍቻለሁ፣ ማስረጃ የለኝም።

በዚህ መሃል አንዲት ከመስቃን የመጡ እናት መታወቂያቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ ገቡ። ሀጂ ከኮፒ ማሽኑ አንድ ወረቀት አወጡ፣ ሳያዩት ቅርጫት ውስጥ ጣሉት፣ ሁለተኛውን ሰጧቸው።

«ሀጂ፣ የመጀመሪያውን ለምን ጣሉት?»

«ያ የቅድሙን እድፍ ይዞ ነው የሚወጣው። እሱን አውጥተህ ካልጣልከው የአሁኑ አይጠራልህም። ወላሂ ሁሌ እንዲሁ ነው።»

ከወንበሬ ተነሳሁ።

የካርዱም አመል ይሄው ነው! ገመዱ ለአፍታ ተነቅሎ ከነበረ፣ ከተሰካ በኋላም የመጀመሪያ መልሱ የድሮ ወሬ ነው። ያቺን መስመር አውጥቼ ሞከርኩት። ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፤ ማሽኑ «ተነቅሏል» አለኝ። መስመሯን መለስኳት፤ «ተሰክቷል»።

ለኢሬና ሁሉም በሚያይበት ጻፍኩ። መስመሩ ይቆያል፣ ጥፋቱ ግን የኔ ነው፣ ሳላብራራ የተውኩት እኔ ነኝ፣ ስለጠየቅኩሽም ነገር ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። እንዲህ ስትል መለሰች፦ «ማጽዳት የጀመርኩት እኮ ማንበብ ስላቃተኝ ነው። አሁን ገባኝ። አመሰግናለሁ።»

አፈርኩ። ሴትዮዋ ለካ ልትማር ነው የመጣችው።

ያላነበብኳቸውን ሁለቱን አይቼ፣ ሌሎቹን አስር ማሻሻያዎች «ይሁን» አልኩ። ከመስመሩ በላይ ማብራሪያውን ጻፍኩ፤ በደንባችንም ሐሳቡን የሰጠ ሰው ስሙ ስለሚገባ የሀጂን ስም አስገባሁ። ደስ ይላቸዋል ብዬ የሴትዮዋንም የስማቸውንም ነገር ነገርኳቸው።

ሀጂ የኮፒ ማሽኑን አጠፉት። «ስሜን? የት?»

«ዓለም ሁሉ የሚያየው ዝርዝር ላይ።»

በሩን ዞር ብለው አዩና ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። «አውጣው።»

«ሀጂ፣ ምስጋና እኮ ነው።»

«ሁሉም ነገር በስም ዝርዝር ነው የሚጀምረው ልጄ። አውጣው።»

አወጣሁት። እስከ ዛሬ እዚያ ያለው «ቡታጅራ የሚኖር አንድ ሰው እንደነገረኝ» የሚል ነው።

ዕቃዬን ሰብስቤ ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ያቺ ሴትዮስ... ለማን ነው የምትሰራው አለች?»

«ለማንም ሀጂ። በነጻ ነው።»

«እንዳንተ?»

«እንደኔ።»

«ሁለት ሆናችኋላ» አሉ፤ ዓይናቸው እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ።