እልል ያልኩበት ቁጥር

የስኳር ሕሙማን ቤታቸው ሆነው ስኳራቸውን ለክተው ቁጥሩን ሲልኩልን፣ ስልካቸው በእኔ ድምፅ መልስ ይሰጣል። ቃሉን የጻፍኩትም የቀዳሁትም እኔው ነርሷ ነኝ። የደብረ ታቦር ሰው ደረቅ ምክር ሰልችቶታል ብዬ፣ ስኳሩ በወረደ ጊዜ ሁሉ «እልልል! ስኳርዎ ወርዷል፤ እንዲህ ነው እንጂ ጀግና!» የሚል አስገባሁ። እልልታዋን ብቻ ሦስት ጊዜ ነው የቀዳሁት። ኩራቴ አይጣል ነበር።

ፍልሰታ ገባ። በጋፋት በኩል የሚኖሩ አንድ አዛውንት ገበሬ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ጀመሩ። ቁጥራቸው በየቀኑ ሲወርድ ስልኩም በየቀኑ እልል ይልላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርገው ለጎረቤት ያሰማሉ። ስኳር ከልክ በታች ሲወርድ እንደሚገድል እያወቅኩ፣ ለዚያ የሚሆን አንዲት ቃል አልጻፍኩም ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሚስታቸው ደወሉ።

«ኧረ አንች ልጅ! ሰውዬው ላብ አጥምቋቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ስልክሽ እልል ይላል! ምን ጉድ ነው?»

ክው አልኩ። «ቶሎ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጧቸው!»

«እምቢ አሉኝ እኮ! ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አልቀምስም አሉ።»

ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉልኝ። ለመንኳቸው፤ ተቆጣኋቸው። ድምፄን ለዩት።

«አንች አይደለሽ ጀግና ያልሽኝ?» አሉኝ ምላሳቸው እየተሳሰረ።

የንስሐ አባታቸው ከቤቱ ጎን ማሳቸውን ሲያርሙ ነበርና፣ ሚስትየዋ ጮኸው ጠሯቸው። ቄሱ እያለከለኩ ገብተው «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ። ጠጣ!» ሲሉ በስልኩ ሰማሁ። ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አዛውንቱ «ስኳሩን አበዛሽው» እያሉ ሚስታቸውን ሲነዘንዙ ብሰማ፣ ከደስታዬ ብዛት ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ።

በማግስቱ ሐኪሙ የመድኃኒታቸውን መጠን አስተካከለ። እኔም ቄሱን ለምኜ አዲስ መልስ ቀዳሁ፦ «ልጄ፣ ስኳርህ ከልክ በታች ነው። ፈትቼሃለሁ። አሁኑኑ ስኳር በጥብጠህ ጠጣ፤ ቆይተህ እንደገና ለካ።» የአዛውንቱ ቁጥር ከልክ በታች ሲወርድ የሚሰማው ይኸው የቄሱ ድምፅ ሆነ።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሚስትየዋ እንደገና ደወሉ። ገና ስማቸውን ስልኬ ላይ ሳይ «ደግሞ ምን ሆኑ?» ብዬ አነሳሁት። እሳቸው ግን ይስቁ ነበር።

«ገበያ ውዬ ስመለስ ስኳር የተበጠበጠበትን ብርጭቆ ባዶውን አገኘሁት» አሉኝ። «ማንም ሳይለምናቸው፣ ስልኩ ላይ ቄሱን ሰምተው ብቻቸውን ጠጥተዋል!»