ጨጓራ ነው ያልኳት

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሴል ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን ሲገለብጥ እንደ ቸኳይ ጸሐፊ ፊደል ይሳሳታል፤ ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች ከኋላ እየተከተሉ ከጥንዱ ጋር ያልገጠመውን ፊደል ይፈልጉና አዲሱን የዲኤንኤ ክር ቆርጠው ከአሮጌው እያዩ ያርሙታል። ከተቆጣጣሪዎቹ የአንዱ ጂን ተበላሽቶ ከተወረሰ ግን ስህተቱ ይጠራቀማል፤ አንዳንዴም የትልቁ አንጀት ካንሰር ያመጣል። ይህን ሁሉ ያለ አንዳች ሐፍረት አስተምራለሁ፤ በእንግሊዝኛ ነዋ።

ታላቅ ወንድማችን በዚሁ በሽታ ሲያዝ ሐኪሙ፣ "በዘር የመጣ ነው፤ አንተም እህትህም በካሜራ ታዩ" አለኝ። እኔ ታየሁ። ለእህቴ መንገር ግን አቃተኝ። አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ፊቷ እግሬን አነባብሬ እንኳ አልቀመጥም። ካሜራው በየት በኩል እንደሚገባ እንዴት ብዬ ልንገራት?

"እታለም፣ ወንድማችንን የያዘው ነገር እንዳይኖርብሽ ለጥንቃቄ ሆድሽን ታዪ" አልኳት።

"ሆዴን ምኔን?"

ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ "ያው... ጨጓራሽን" አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የሰው በሽታ የደበቀስ ምን ይባላል?

እሑድ ከሰዓት በቤት ለቤት ጸሎታችን ላይ፣ ምስክርነት ያለው ይናገር ሲባል እህቴ ብድግ አለች። "ጨጓራዬን ተመርምሬ ነፃ ነሽ ተባልኩ። ወንድሜን የያዘው ነገር እኔ ጋ የለም። ጌታ ይባረክ!" ቤቱ በእልልታ ተሞላ፤ ጎረቤቶቿ እየተነሱ አቀፏት። እኔም አጨበጨብኩ። ከሁሉም በላይ የማፍረው በዚህ ጭብጨባ ነው።

ስንወጣ በሩ ላይ ያዝኳትና ሁሉንም ነገርኳት፤ መታየት ያለበት ጨጓራ ሳይሆን ትልቁ አንጀት መሆኑን፣ ካሜራውም በመቀመጫ በኩል እንደሚገባ።

"ይሄን አፍነህ ነው ሰው ፊት ያስመሰከርከኝ?"

"አፍሬ ነው፣ እታለም።"

"ሽንት ጨርቅህን ስቀይር ያላፈርኩትን እኔን ነው የምታፍረኝ?" ቆጣ አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። "በዘር ነው ካልክ፣ ልጆቼስ?"

"አንቺ ላይ ከተገኘ እነሱም መመርመር አለባቸው። ከፈለግሽ እኔ..."

"አይሆንም" አለችኝ። "ለልጆቼ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። አንተ እንዳትነግራቸው።"